ስለ ኑጉ ያልተናገርኩት

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ጎረቤቴ ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ሕፃኗ ከንፈሯ አብጧል፣ ዐይኗ ጠብቧል፣ አንገቷና ደረቷ ሳማ የነካው መስሎ ተንደብድቧል። እናትየዋ ገና መደቡ ላይ ሳትቀመጥ ዐይን ወግቷታልና ክታብ ይጻፉልኝ አለችኝ። እኔም ብዕሬን ሳላነሣ ልጅቱ ጧት ምን እንደ ቀመሰች ጠየቅኳት። ምን ትቀምሳለች፣ የሰው ምግብ ነው እንጂ አለች። የትኛውን የሰው ምግብ ብዬ ደገምኩባት። ብዙ ተከራክረን በመጨረሻ እንቁላል መሆኑ ወጣ። ልጅቱ እንቁላል ስትቀምስ የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቷ ቀቅላ፣ በጣቷ ቆርሳ አጉርሳታለች። አፏን አጥበን፣ ቀና አድርገን አስቀምጠን፣ ትንፋሿን እየሰማሁ እስከ ከሰዓት በኋላ አቆየኋቸው። እብጠቱ ጎደለ። ሁለተኛ እንቁላል እንዳታስነካት ነግሬ ሸኘኋት። ቅር ብሏት ሄደች። ኋላ እንደ ሰማሁት ክታቡን ከሌላ ደብተራ አጽፋለች። ይሁን፤ እንቁላሉን ካልደገመችላት ክታቡ አይጎዳትም።

ሰፈሩ እንደሚቀልድብኝ ዐውቃለሁ። የመሪጌታ መጽሐፍ ድስት ነው ይሉኛል አሉ። ሌላው ደብተራ ከዋክብት ሲቆጥር እኔ የሰው ጓዳ እቆጥራለሁ። ግን ከአርባ ዓመት በላይ ያየሁትን አይቻለሁ። ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን ከአውድማው ገለባ የተነሣ እስኪሰክር የሚያስነጥስ ብርቱ ገበሬ ዐውቃለሁ። አንዲት ንብ ብትነድፈው ሰውነቱ ሁሉ የሚያብጥ መነኩሴ ዐውቃለሁ፤ ሌላውን መነኩሴ ሃያ ንብ ቢነድፈው ቀፎውን አይለቅም። ሁሉም የአዳም ልጆች ናቸው። የሰው ገላ በር ላይ ዘበኛ የቆመ ይመስለኛል፤ የአንዳንዱ ሰው ዘበኛ ግን እንግዳውን ከሌባ አይለይም፣ ምንም ያላደረገውን እንግዳ ሲያይ ቤቱን በሙሉ ያምሰዋል። መድኃኒቱም ያንን እንግዳ ዐውቆ ወደ ደጅ አለማስጠጋት ነው። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። አንዲት ሸክላ ሠሪ ናት፤ እኔም ትምህርቷን የተቀበልኩት እኅቴ ከተቀበረች በኋላ ነው።

ቤታችን ከጉና እግር ሥር፣ ከደብረ ታቦር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቦታ ላይ ነበር። ዘመኑ ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ የከተሙበት፣ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለ እጆች ብረት የሚያቀልጡበት ዘመን ነው። የመዶሻው ድምፅ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ወሬው ግን በየገበያው ይመጣል። ነገሩን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ንጉሡ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ብረት ቀጥቃጭ ሲያከብሩ፣ እኛ ጭቃ ጠፍጥፋ የምናበስልበትን የምትሠራልንን ጎረቤታችንን ቡዳ እንላት ነበር።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከጣራ ገዳም ዜማ ተምሬ፣ ዲቁና ተቀብዬ ተመልሻለሁ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለ ሞተ የቤቱ ወንድ እኔ ነኝ። የማውቀው ትንሽ ነበር፤ የማላውቀው ደግሞ ፈጽሞ አይታየኝም። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ዲያቆን እያሉ ሲያማክሩኝ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ነበር የምመልሰው። በዚህ የምትስቅብኝ አንዲት ሰው ታናሽ እኅቴ ትርንጎ ነበረች። ድምፄን እንደ ጥጃ እያስመሰለች ትዘምርብኛለች፣ እናታችን ስትቆጣት ከእናታችን ጀርባ ተደብቃ ትቀጥላለች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከአንበሳሜ አካባቢ ለአንድ ደኅና ገበሬ ልጅ ታጭታለች። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

ሸክላ ሠሪዋ ይርገዱ ትባላለች። ከእኛ ቁልቁል፣ ጭቃው ጥሩ ከሆነበት ወንዝ ዳር፣ ብቻዋን ትኖር ነበር። ከእናቴ በዕድሜ ትበልጣለች። ድስቱን፣ ጋኑን፣ ምጣዱን ሁሉ ከእሷ እንገዛለን፤ ከቤቷ ግን ውኃ አንጠጣም። እቃ ይዛ ስትመጣ ከደጅ ትቆማለች፣ ልጅ ያላት ሴት ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ይህን የምናደርገው በክፋት አልነበረም። እንደ ሰላምታ ሁሉ የለመድነው ነገር ነበር፤ እሷም የለመደችው ይመስለን ነበር።

አዲስ ሸክላ እንደ መጣ እንደማይሠራበት ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ገላው ውኃ ያሳልፋል። ስለዚህ በእሳት ይሞቅና ውስጡ በተወቀጠ የቅባት እህል ይታሻል፤ ቅባቱ ወደ ሸክላው ሰርጎ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ማሟሸት የሚባለው ይህ ነው። በእኛ አገር ብዙው ሰው በጎመን ዘር ነበር የሚያሟሸው፤ እናቴ ግን ለጋንና ለድስት ኑግን የሚያህል የለም ትል ነበር። ኑግ ደግሞ በጉና ብርድ አይበቅልም። ከአንበሳሜ ገበያ ጥቂት አስመጥታ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ በቅል አስቀምጣ ትቆጥበዋለች። እኛ ቤት በጾም ተልባ እንጂ ኑግ አይበላም ነበር። እንግዲህ ኑጉ ከቅሉ የሚወጣው አዲስ እቃ ከይርገዱ ቤት ሲመጣ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ልብ ብሎ ያየ ሰው አልነበረም። ከሠርጉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እናቴ አንድ ድስት ገዛች። ይርገዱ ድስቱን ከደጅ ስታስረክብ ትርንጎን አየቻትና እናቴን ምን የመሰለች ልጅ አደረሰልሽ አለቻት። ሄደች። ትርንጎ ኑጉን ወቅጣ ድስቱን ማሟሸት ጀመረች፤ ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ክንዷ ተንደበደበ፣ ዐይኗ እንባ አፈሰሰ። እናቴ በላቻት ብላ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለቡዳ የሚጤሰው ሥር ተጨሰ፣ ጠበል ተረጨ። እስከ ማታ እብጠቱ ወረደ። ጢሱ አዳናት ተባለ። ጢሱ ባይኖርም ይወርድ እንደ ነበር አሁን ዐውቃለሁ፤ ያኔ ግን ያየነው ይህንን ነው። ከሴትዮዋ አፍ ምስጋና ወጣ፣ ልጅቱ ታመመች፣ ጢስ አሸተተች፣ ተሻላት። ለማመን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

በታኅሣሥ፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ በገባ ሰሞን፣ ለሠርጉ ጠላ ሦስት ትልልቅ ጋን ታዘዘ። ጧት ጧት አመዳይ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ከሣሩ ላይ ጢስ የመሰለ ነገር ይነሣል። ይርገዱ የመጀመሪያውን ጋን በጀርባዋ ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ትርንጎንም ቀና ብላ አላየቻትም። ያለፈው ዓመት ወሬ ጆሮዋ ደርሶ ኖሯል። ጋኑን አስቀምጣ ወረደች።

ትርንጎ ደስ ብሏት ነበር፤ የሠርጓ ጋን ነው። ኑጉን በምጣድ አመሰችው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ስትወቅጥ ሁለት ሦስት ጊዜ በጣቷ ጠቅሳ ስትልስ አይቻታለሁ። ጋኑን ገና ግማሹን ሳታሽ ጉሮሮዬ አለች። ከዚያ ከንፈሯ አበጠ፣ ድምፅዋ ሻከረ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። ያለፈው ዓመት ቀልድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህኛው ሞት መጥቶ የቆመ ነበር።

እዚህ ላይ የእኔ ነገር ይጀምራል። ቡዳ የበላው ሰው በጢስ ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል፤ ይህንንም የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ዲያቆኑ እኔ ነኝ። ትንፋሽ ያጠራትን ልጅ በጋቢ ሸፍኜ ጢስ አጠንኩባት። ሳስታውሰው እጄን ማየት ያስጠላኛል። ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት፤ መናገር አልቻለችም። ደግሜ ጠየቅኳት። ሦስተኛ ጊዜ እኔው ራሴ ይርገዱ ናት ወይ አልኳት። ራሷ ወደ ደረቷ ወደቀ። አቅም አጥታ ነበር። እኔ ግን ዞር ብዬ ለተሰበሰበው ሰው "አምናለች፣ እሷው ናት" አልኩ።

ሰዎች ወርደው ይርገዱን አመጧት። የታመመችውን ተራምዳ እንድትተፋባት አዘዟት፤ በልማዳችን የበላው ሰው ሲተፋ ይለቃል ይባላል። ቆማ ትርንጎን አየቻት፣ ከዚያ የትርንጎን እጅ አየች፣ ከዚያ ግማሹ የታሸውን ጋን አየች። አንዳች ለመናገር አፏን ስትከፍት ተፊ ብዬ ጮኽኩባት። ተፋች። ያሉትን ሁሉ አደረገች። ጢሱንም በዚያው ስላነሣንላት ይሁን ሰዓቱ ደርሶ፣ የትርንጎ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ዕለት ከእኔ በላይ የተከበረ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ይርገዱ እስከ እሑድ አገር እንድትለቅ ፈረዱ። ጎረምሶች ወንዝ ዳር ወርደው ለመድረቅ የተሰጡትን እቃዎች ረገጧቸው። ሁለቱ የእኛ ጋኖችም ከመካከላቸው ነበሩ። እርጥብ ሸክላ ሲረገጥ አይሰበርም፣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። እኔ አልረገጥኩም፤ ቆሜ አየሁ። ይህን ለዓመታት እንደ በጎ ሥራ እቆጥረው ነበር።

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ዳር ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ጥቂት እቃ በጀርባዋ ታስሯል። ስታየኝ ተነሣች። ከእናቴ የምትበልጥ ሴት እኔን አንቱ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ።

"ዲያቆን፣ ለመለመን አልመጣሁም" አለችኝ። "እቃዬን ጭኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። ልጅቱን የያዛት ኑጉ ነው። የእናቴ ልጅ፣ ወንድሜ እንዲሁ ነበር። ለእኛ የሚጣፍጠን ኑግ እሱን ያንቀው ነበር፤ ኑግ የነካው እቃ እንኳ አናቀርብለትም። አሁን እናንተ ወደ አንበሳሜ ልትድሯት ነው፣ እዚያ ጾሙ ሁሉ ኑግ ነው። ለሰዎቹ ይንገሯቸው።"

"ማን ጠየቀሽ?" አልኳት።

"ማንም አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ ነው እዚህ የጠበቅኩዎት" አለችና እቃዋን አስተካክላ ሄደች።

የሚከብደኝ አለማመኔ አይደለም። ባላምናት ኖሮ ሞኝ ነበርኩ ብዬ በተጽናናሁ። እኔ ግን አመንኳት። ቤት እስክደርስ ድረስ ነገሩ በልቤ ተገጣጠመ፤ አምናም ኑግ ነበር፣ ዘንድሮም ኑግ ነው፣ ዘንድሮ ሴትዮዋ ልጅቱን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ለእናቴ ልነግራት ወጥ ቤት ድረስ ገባሁ። እናቴ ሳቅ በሳቅ ሆና ከጎረቤቶቿ ጋር የእኔን ነገር እያወሩ ነበር፤ ልጄ በአንድ ቃል አስለፈለፋት ትላለች። ኑግ ነው ብል ያ ሁሉ ምን ይሆናል? ያስለፈለፍኩት ምንድን ነው? ያባረርናት ሴት ምን አድርጋ ነው? የተረገጠው ጋን? ውኃ ጠጥቼ ወጣሁ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም እንዲሁ አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላል አገሬው፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

አንድ መዳኛ ደግሞ በራሱ ጊዜ መጥቶልኝ ነበር። ከሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀር ትርንጎ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠጉሯን ስታበጥር ጠራችኝ። እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደችም።

"ጋሼ፣ ኑጉ ይሆን እንዴ?" አለችኝ። "ገና ስወቅጠው ነው አፌን የበላኝ።"

እሷ በገዛ ገላዋ ደርሳበታለች። ከእኔ የሚጠበቀው አዎን ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ኑግ እግዚአብሔር የፈጠረው እህል ነው፣ የያዘችሽ ሄዳለች፣ ከእንግዲህ ማንም ቢሰጥሽ ብዪ፣ አትፍሪ አልኳት። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ እሺ አለች። ያን ሁሉ ጊዜ የምታሾፍብኝ ልጅ በዚያች ቀን አመነችኝ።

ሠርጉ ያማረ ነበር። ስለ ሠርጉ ብዙ አልጽፍም። ጋኖቹን ከደብረ ታቦር ገበያ አስመጣን፣ ጎረቤት አሟሸችልን። በበቅሎ ላይ ሆና ስትሄድ ተሸፋፍና ስለ ነበር ፊቷን አላየሁትም።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ከአንበሳሜ መጣ። ከበሩ ላይ ሲቆም፣ በትሩን ሲያስቀምጥ፣ እናቴ ገና ሳይናገር ተቀመጠች። ትርንጎ ሞታ በዕለቱ ተቀብራለች። በደብረ ታቦር አድርገን ወረድን፤ አንድ ቀን ተኩል ሄድን። ከደብረ ታቦር በታች ብርዱ እየለቀቀ ይሄዳል፣ መንገዱ አቧራ ነበር፣ ማሳው ሁሉ ታጭዶ ቃርሚያ ብቻ ቀርቷል። ከየመንደሩ በፀሐይ የተሰጣ ኑግ ይታየኝ ነበር፤ ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ቍርበት ሙሉ። እናቴ አጠገቤ ስታለቅስ እኔ የማየው እሱን ነበር።

ለቅሶው ላይ አማቷ ከጎኔ ተቀመጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ደረታቸውን ከመምታት ብዛት ድምፃቸው ጠፍቷል። እንዴት እንደ ሆነ ነገሩኝ። ጾሙ ከብዷት ይሆናል ብለው ኑግ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው በዋንጫ ሰጧት። ሙሽራ ከአማት እጅ የተሰጣትን አትመልስም። ሆኖም ትርንጎ ዋንጫውን ይዛ ትንሽ ዘገየች።

"አይስማማሽም እንዴ ልጄ አልኳት" አሉኝ። "ወንድሜ አትፍሪ ብሎኛል አለችና ጠጣችው። ፀሐይ ከደጃፉ ሳትርቅ ልጅቱ አለፈች።"

በዚያ ቦታ ላይ የሆነ ሰው ይናገራል። እኔ አልተናገርኩም። አማቷ በገዛ እጃቸው የሰጡት ነገር መሆኑን ሲያውቁ ምን ይሆናሉ ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ እውነቱ እንደዚያ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እናቴ በመመለሻችን መንገድ ላይ ሩቅ ሆናም አልለቀቀቻትም አለች፤ ይርገዱን ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ኖራ፣ ያንኑ እንዳመነች ሞተች። ለነፍስ አባቴ ብቻ ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጡኝ፣ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ቀኖናው ግን ለእግዚአብሔር ነው የሚከፈለው፤ ለሰው የሚከፈለው በእጄ ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት ይርገዱን ፍለጋ ወጣሁ። ባለ እጆች በሚሰበሰቡበት በጋፋት አካባቢ ጠየቅኩ፣ በደብረ ታቦር ሸክላ ተራ ጠየቅኩ። አንዷ ወደ ደንቢያ ወርዳለች ይባላል አለችኝ፤ ሌላዋ የዲያቆን ልብሴን አየችና እንደዚህ ያለች ሴት አላውቅም አለችኝ። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ከተማቸውን አቃጥለው ለቀቁ፣ አገሩ ተበተነ፣ ፍለጋዬም በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ስልሳ አምስት አልፎኛል። የበሽታውን ነገር የቻልኩትን ያህል ተምሬያለሁ፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አላጥንም፣ ጓዳውን ሳላውቅ ስም አላስጠራም፣ ኑግና እንቁላል፣ ንብና ገለባ ከሰው ዐይን ይልቅ ስንቱን እንደሚጥሉ አይቻለሁ። ሰዎች ይህን ዕውቀት የእኔ ያደርጉታል። የትርንጎ ሕይወት የተከፈለበት ዕውቀት መሆኑን፣ የተናገረችውም ያባረርናት ሴት መሆኗን ዛሬ ገና መጻፌ ነው።

በየዓመቱ የካቲት ላይ ለሙታን ጸሎት አስደርጋለሁ። ካህኑ የማንን ስም ላንሣ ሲለኝ አስቀድሜ ወለተ ማርያም እላለሁ፤ የትርንጎ የክርስትና ስሟ ነው። ሌላስ ይለኛል። ሌላም አለችኝ፤ ግን በገበያ የምትጠራበትን ብቻ ነው የማውቀው። የክርስትና ስም ይኑራት አይኑራት፣ እናቷ ማን ብላ ታቆላምጣት እንደ ነበር፣ ያ ኑግ የሚያንቀው ወንድሟ ማን ይባል እንደ ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። ካህኑ መጽሐፉን ይዞ ይጠብቀኛል። እኔም ዛሬም እዚያ ቆሜ ዝም እላለሁ።